ከቫኪዩም ፓምፑ በኋላ

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት አንድ የፊዚክስ መምህር ቤቴ መጣ። ከአዲስ አበባ አሮጌ መኪና ገዝቶ አምጥቷል፤ ኤሲው አይሠራም። «ጋሽ ሰይድ፣ ጋራዥ መመላለስ ሰልችቶኛል። መሣሪያውን ገዝቼ እቤቴ ራሴ ልሠራው ነው። የትኛውን ልግዛ?» አለኝና ስልኩን አውጥቶ ሥዕል በሥዕል ላይ ያሳየኝ ጀመር። ዛሬ ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ አለ፤ የጠፋው መምረጥ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የሙያ ነገር ከተነሣ አፌ አያርፍም። ከአልጋዬ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን ጎትቼ አወጣሁና ክዳኑን ከፈትኩት። ሽታው ወጣ። የፓምፕ ዘይት፣ የጎማ ቱቦ፣ በመሐል ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ያልለቀቀ የዐረብ አገር ሳሙና። እህቴ ዘሐራ ያንን ሳጥን ስታሽግ ዕቃው እንዳይጋጭ በገዛ ቀሚሶቿ ጠቅልላው ነበር። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ለመምህሩ ልነግረው የነበረው ለጊዜው ጠፋኝ።

«መጀመሪያ ምንም አትግዛ» አልኩት ኋላ። «የሞተሩን ክዳን ክፈትና ጋዝ የሚሞላባቸውን ሁለት አፎች እይ። የድሮዎቹ መኪኖች አፋቸው ጥርስ አለው፤ ቱቦው ተጠምዝዞ ነው የሚገባው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ ነው። ጋዛቸውም ዘይታቸውም ይለያያል። አፉን ሳታይ የጋዙን ግፊት የሚለካውን ጌጅ የገዛህ እንደሆነ ከነሳጥኑ አልጋ ሥር ታስቀምጠዋለህ።» መምህሩ ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አልነገርኩትም። ቀጠልኩ፤ የጌጁ ቱቦ ያልደረቀ ይሁን፣ ቫኪዩም ፓምፕ ባትገዛ እንኳ ተዋስ፣ ውስጥ የገባውን አየርና እርጥበት መጥጦ ካላወጣልህ የምትሞላው ጋዝ ከንቱ ነው፣ የሚያፈስበትን ቦታ ለመፈለግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግህም፣ የሳሙና አረፋ ይበቃሃል፣ ዓይንህን በመነጽር ሸፍን፣ እጅህን በጓንት። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። ይህን ዝርዝር በአንድ ትንፋሽ ስናገር የመጀመሪያዬ አልነበረም። በመጀመሪያው ጊዜ እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቅ ነበር።

ያ ጊዜ የትኛው ዓመት እንደነበር ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። ወታደሩ ጠመንጃውን እየጣለ በመንደራችን ካለፈና አዲሶቹ ሰዎች በየሳምንቱ ስብሰባ መጥራት ከጀመሩ በኋላ ነው፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አይቀርም። ዋጋውን ግን አልስትም። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ስኳር በኪሎ ስድስት ብር ገባ ሲባል ሰዉ ቡና ቤት ገብቶ «ያለ ስኳር አምጪ» እያለ መቀለድ ጀምሮ ነበር። ከተማችን መካነ ሰላም አስፋልት የምታውቀው በወሬ ነው። ዝናብ ሲጥል ከገበያው በላይ ያለው መንገድ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፤ በበጋ ደግሞ አንድ ጭነት መኪና ካለፈ የሱቁ ስኳርና ጨው በአቧራ አንድ መልክ ይይዛል። መብራት በጄኔሬተር ነበር፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ናፍጣ የለም ይባላል። በገበያው ጥግ አንድ የካሴት ሱቅ ነበረች፤ አርብ አርብ መንዙማ፣ በገበያ ቀን የወሎ ዘፈን ታሰማለች፤ ለክርስቲያኑ በዓል ደግሞ መዝሙር አውጥታ ስትሰቅል ባለሱቁን የሚቀየመው አልነበረም። ከዐረብ አገር ለእረፍት የሚመጡ ሴቶች ጥቁር አባያቸውን ጭቃው እንዳይነካው በሁለት ጣት ይዘው ሲራመዱ ገበያተኛው ቆሞ ያያል። እኛ ወንዶቹ እነሱ ያመጡልንን፣ ጀርባው ላይ የማናውቀው ጽሑፍ ያለበት ጃኬት ለብሰን፣ ዚፑን እስከ አገጭ ዘግተን፣ እነሱ በላቡበት እንኮራለን። አሁን ሳስበው የምንለብሰው ጃኬት አልነበረም።

መኪናዬን የገዛሁት ከጨረታ ነው። ለአንድ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ሾፌር ነበርኩ፤ ሥራው ሲያልቅ አሮጌዎቹን ሸጧቸው፣ እኔም ራሴ ስነዳት የነበረችውን ነጭ ስቴሽን ወሰድኩ። በሯ ላይ የነበረው የፕሮጀክቱ ምልክት ተፍቆ ጥላው ቀርቷል። መንገደኛ እጭንባታለሁ፣ ሙሽራ አመላልስባታለሁ፣ ሹማምንት ወደ ቆላው ሲወርዱ ይከራዩኛል። ኤሲዋ ግን ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ሞቷል። «በዚህ ብርድ አገር ማቀዝቀዣ ምን ያደርግልሃል? ብርድ አነሰህ?» እያለ ያልቀለደብኝ ሰው የለም። እውነታቸውን ነው፤ መካነ ሰላም ላይ ሰው የሚፈልገው ጋቢ ነው። እኔ ግን አንድ ቀን የፕሮጀክቱን መሐንዲስ ይዤ ወደ ዓባይ በረሃ ወርጄ ነበር። ከመስኮቱ ውጪ ሰዉ ከግራር ጥላ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል፣ እኔ ውስጥ ሆኜ እጄን ይበርደኛል። ያን ቀን ልቤ አበጠ፤ እነሱ ውጪ፣ እኔ ውስጥ። መኪናዋ የኔ ስትሆን ያቺን ብርድ መልሼ ላመጣት ቆረጥኩ። አንድ የደሴ መካኒክ ከሻይ ጋር ዝርዝሩን ነገረኝ፤ ምን ምን እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ፣ አዲስ አበባ እንኳ ገና እንዳልተለመደ። «ይህን ዕቃ የያዘ ሰው ከደሴ እስከ ዓባይ ድረስ ብቻውን ነው» አለኝ። ብቻዬን መሆን አማረኝ።

ዘሐራ ታናሽ እህቴ ናት። አባታችን ከሞተ በኋላ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጅዳ ሄደች፤ ሰው ቤት ልትሠራ። ደብዳቤ መጻፍ ብዙም አይሆንላትም፣ እናታችን ደግሞ ማንበብ አትችልም። ስልክ ለማነጋገር ቴሌ ቢሮ ቀጠሮ አስይዞ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው፤ የዘሐራ ማዳም ደግሞ ስልኩን አታስነካትም። ስለዚህ የምንገናኘው በካሴት ነበር። ያን ጊዜ ልጁ ዐረብ አገር የሄደበት ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው። አዲስ ካሴት ካልተገኘ የዘፈን ካሴት ተገዝቶ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ይደፈናሉ፣ ዘፈኑ እየጠፋ የቤተሰብ ድምፅ ይገባል። ጎረቤት ይጠራል። ሥርዓትም አለው፤ መጀመሪያ የቤቱ ወንድ ይናገራል፣ ከዚያ ጎረቤቱ በየተራው ሰላምታውን ያሰማል፣ በመጨረሻ ትልቋ ሴት ትናገርና በዱዓ ታትመዋለች። ከዱዓ በኋላ ማንም ቃል አይጨምርም። ሰው በተሰበሰበበት ስለሚቀዳም ስለሚሰማም ክፉ ነገር አይወራም። እኛ «ሁላችንም ደህና ነን» እንላለን፣ እሷም ከዚያ «እኔም ደህና ነኝ፣ አብሽሩ» ትላለች። በደኅንነቷ ውስጥ ምን እንደነበር ዱዓው ሲያበቃ እናቴ ብቻ ነበረች ጭንቅላቷን እየነቀነቀች የምታስበው።

ከሄደች አራት ዓመት እንደሞላት አንድ ካሴት መጣ። ከሰላምታው በኋላ ዘሐራ፣ «ጋሼ፣ ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው» አለች። «ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለች ነው። እኔ እንጃ። ስመጣ ምን ይዤ እንድመጣ እንደምትፈልግ ንገረኝ። ልምጣ ወይስ ልጨምር የሚለውን ግን እማ ትበለኝ። እማዬ፣ አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው ወላሂ። በድምፅሽ ንገሪኝ።» ጎረቤቶቹ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ልጅ ናት» ተባባሉ። እናቴ የዱዓ መቁጠሪያዋን፣ ሙስበሃዋን፣ ከአንዱ እጅዋ ወደ ሌላው አዘዋወረች። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የሰማሁት «ምን ይዤ ልምጣ» የሚለውን ነበር።

መልሱን የቀዳነው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዐሥር ሰዓት አካባቢ ነው። የባትሪ ድንጋዮቹ አሮጌ ስለነበሩ ጠዋት ፀሐይ ላይ አሙቄያቸዋለሁ፤ እንዲያ ሲደረግ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ሱቁ ቅርብ ነው፣ አዲስ መግዛት እችል ነበር። ይበቃል ብዬ ነው። እናቴ በዒድ የምትለብሰውን ድሪያ ለብሳ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ድምፅዋን ለማስቀዳት ሳይሆን ፎቶ ለመነሣት የመጣች ይመስል ተዘጋጅታ ተቀመጠች። ቁልፉን ተጫንኩና ጀመርኩ። «አሰላሙ አለይኪ ዘሐራ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በይ እንግዲህ በጥሞና ስሚኝ።» ከዚያ ገባሁበት። «አንደኛ፣ ማኒፎልድ ጌጅ፤ ሁለት የእጅ ሰዓት የመሰለ መለኪያ ጎን ለጎን ያለው ነው፤ ሰማያዊው ለዝቅተኛው፣ ቀዩ ለከፍተኛው፣ ቢጫው ቱቦ በመሐል። ራሱ ቀጭ ብሎ የሚቆለፈው አዲሱ ይሁን፣ የሚጠመዘዘውን አሮጌ እንዳታመጪብኝ! ሁለተኛ፣ ለጋዝ ቆርቆሮው መክፈቻ ቧንቧ። ጋዙን ተይው፣ አውሮፕላን አያስገባውም፣ እኔ እዚህ እፈልጋለሁ። ሦስተኛ፣ የጎማ ቀለበቶች፣ አረንጓዴዎቹ፣ ልክ ልካቸው በሳጥን ያለ። አራተኛ፣ የሚወጋ ቴርሞሜትር፣ የሚወጣውን ብርድ የምለካበት…» እናቴ በመሐል እጄን ነካችኝ። «ጨረስክ?» አለች በሹክሹክታ። «ትንሽ ቀረኝ» አልኳት። አምስተኛው ቫኪዩም ፓምፕ ነበር፤ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ባለ ሁለት ደረጃው ከባለ አንዱ ለምን እንደሚሻል፣ ዘይቱ እንዳይፈስ እንዴት ቀጥ አድርጋ እንደምታሽገው፣ በጨርቅ እንድትጠቀልለው። ለፓምፑ ብቻ አንድ ሰው ቆሞ ሻይ የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ ወስጃለሁ። ጎረቤቶቹም ቸኩለው ሰላምታቸውን አስገቡ።

የእናቴ ተራ ሲደርስ የካሴቱ መንኮራኩሮች እየተጎተቱ እንደሚዞሩ አየሁ። ወደ ቴፑ ጎንበስ አለች፤ አፏን ከድምፅ መቀበያው አጠገብ አድርጋ፣ «ዘሐራዬ፣ ልጄ፣ እማ ነኝ። የጠየቅሽኝን ስመልስልሽ…» ስትል መንኮራኩሩ ቆመ። የመቅጃው ቀይ መብራት ጠፋ። እናቴ መብራቱን አታውቅም። ቀጠለች። «ነይ» አለች። «ምንም አትያዢ። ባዶ እጅሽን ነይ። የወለድኩት ልጅ ነው፣ ዕቃ አልወለድኩም። ዓይንሽን ልይ። ወንድምሽ የሚለውን አትስሚው፣ መኪናው ቢሞቅም አይሞትም። ነይልኝ የኔ ማር።» ከዚያ ዱዓዋን አደረገች፣ ሁላችንም «አሚን» አልን። እኔም አሚን ብያለሁ። ቴፑ ጭኔ ላይ ነበር፤ መብራቱን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። «ገባ?» አለችኝ። «ገብቷል እማ» አልኳት።

ያን ጊዜ ለራሴ የነገርኩትን ምክንያት ሁሉ ዛሬም በየተራው ልነግራችሁ እችላለሁ። ከዱዓ በኋላ ቃል አይጨመርም፣ ጎረቤት ፊት እናቴን ማሳፈር አይሆንም፣ ነገ አዲስ ድንጋይ ገዝቼ ለብቻዋ እቀዳታለሁ። ውሸት ነው። ነይ ካለቻት ባዶ እጇን ትመጣለች፤ እኔ ያንን አልፈለግሁም። በማግስቱ አልቀዳኋትም፣ ከማግስቱም በኋላ አልቀዳኋትም። በሳምንቱ ካሴቱን ይዤ ደሴ ወረድኩና መናኸሪያው በር ላይ ለአንዲት የኩታበር ልጅ ሰጠኋት፤ በዚያው ሳምንት ወደ ጅዳ የምትሄድ ናት። ካሴቱን በሶክስ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «በቃል የምነግራት ነገር አለ?» አለችኝ። አንድ ቃል ነበር የቀረው። አፌንም ከፍቼ ነበር። «ራሱ ቀጭ የሚለው መሆኑን እንዳትረሳ በያት» አልኳት። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ደግማ ቃሉን አጠናችልኝ።

መልሱ የደረሰው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ቤቱ እንደ ወትሮው በሰው ሞልቷል። ዘሐራ ድምፅዋ ተለውጧል፤ የዐረብኛ ቃል ጣል ጣል ታደርጋለች። «ጋሼ፣ ያልከውን ሁሉ ሰምቻለሁ፣ ኢንሻአላህ አንድም አይቀርም። እማዬ፣ ድምፅሽን ሰማሁ፣ እንዴት እንደናፈቅሽኝ። እንግዲህ ሁለት ዓመት ጨምሬያለሁ። አብሽሪ፣ ሁለት ዓመት ምን አላት።» ጎረቤቶቹ «አላህ ያግራላት» አሉ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ነይ ብያት?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ነይ ብያት እንቢ አለች?» ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ያን ጊዜ «አልሰማችም እማ፣ ድንጋዩ አልቆ ነበር» ብል ኖሮ ውርደቱ የአንድ ቀን ነበር። «ሥራው ይዟት ይሆናል» አልኳት። እናቴ ሙስበሃዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሻሿን አውልቃ እንደገና አሰረችው። ከዚያ ቀን በኋላ ካሴት ስንቀዳ «ጉሮሮዬ ይዞኛል» እያለች ዱዓውን ለጎረቤት ሴት ትተወው ነበር። በዚያው ክረምት ጎርፉ የአቀስታን መንገድ በቆረጠበት ሰሞን ታመመች፤ ደሴ ሳናደርሳት ሞተች። ልጇ እንቢ ብላኛለች ብላ ነው የሞተችው።

ዘሐራ የመጣችው ሁለት ዓመቱን ጨርሳ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ሁለት ሦስት ሻንጣ ይዘው ሲወርዱ እሷ አንዲት የእጅ ቦርሳና ያንን የቆርቆሮ ሳጥን ይዛ ወረደች። አውሮፕላኑ የሚፈቅደው ኪሎ ስላልበቃት የራሷን ልብስ፣ ለራሷ የገዛችውን ብርድ ልብስና የስፌት መኪና እዚያው ላለች ጓደኛዋ ትታለች። ለቅሶው ከተቀመጠና ሰው ከወጣ በኋላ ሳጥኑን ከፈተችልኝ። ከጠራሁት ውስጥ አንድም አልጎደለም። ጌጁ ባለ ሁለት ሰዓት፣ ቀለበቶቹ አረንጓዴ፣ ፓምፑ ባለ ሁለት ደረጃ፣ ቀጥ ብሎ ታሽጎ፣ በአበባማ ቀሚስ ተጠቅልሎ። በማግስቱ የመኪናዬን የሞተር ክዳን ከፍቼ ቱቦውን ወደ አፉ ሳስጠጋው አልገባም። የኔ መኪና የድሮ ናት፤ አፏ ጥርስ አለው። «አሮጌውን እንዳታመጪብኝ» ያልኩት እሱው ነበር የሚያስፈልገኝ። የአውራ ጣት የምታህል የነሐስ መጋጠሚያ ብትኖር ያገናኘው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ሳልጠራት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ያንን ሁሉ ጊዜ መኪናው ደጃፌ ቆሞ፣ ክዳኑን አንሥቼ አፉን ለማየት አልተነሣሁም። የደሴው መካኒክ አዲስ ያለውን ነው የመረጥኩት። መጋጠሚያዋን አዲስ አበባ ድረስ አስፈልጌ ሳገኝ መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጫት ነበር።

ዕቃው በኋላ እንጀራዬ ሆኗል፤ ይህንንም መደበቅ አይገባኝም። አዲሶቹ መኪኖች መምጣት ሲጀምሩ ራሱ ቀጭ የሚለው ጌጅ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከአጅባርም ከወገልጤናም ይመጡብኝ ነበር። ሚስት አገባሁበት፣ ልጅ አስተማርኩበት። ዘሐራ ግን አላገባችም፤ ከግቢዬ ጥግ ባለችው ክፍል ሆና ሻርፕና ድሪያ ትሸጣለች። እንደመጣች ሰሞን አንድ ቀን ፓምፑን ስጠራርግ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «አምስተኛ፣ ቫኪዩም ፓምፕ። ባለ አንድ ደረጃው ርካሽ ነው፣ አየሩን እንጂ እርጥበቱን አሟጦ አያወጣልኝም። ዘይቱ እንዳይፈስ ቀጥ አድርገሽ…» እያለች በኔ አነጋገር፣ በኔ ሳል ሳይቀር ዝርዝሩን ደገመችው። ከጌጁ እስከ ፓምፑ አንድ ቃል አልሳተችም። ደነገጥኩ። «እማን ለመስማት እኮ ነው» አለች። «ያለኝ ቴፕ ወደ ኋላ መመለሻው የተሰበረ ነው። እማ ያለችው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ካሴቱን ገልብጬ፣ አስኬጄ፣ እንደገና ገልብጬ ከመጀመሪያው ነው የምሰማው። ልብስ ሳጥብ አንተን፣ ስተኩስ አንተን፣ ከዚያ ከፓምፑ በኋላ እማ ትመጣለች። ድምፅዋ ደግሞ የሕፃን ልጅ ሆኖብኝ፤ ቀጥኖ፣ ተቻኩሎ። አሟት ይሆን እላለሁ። ‹የጠየቅሽኝን ስመልስልሽ› ትላለች፣ ከዚያ የሠርግ ዘፈን ይገባል፤ ከበሮና ጭብጨባ። ከዚያ በኋላ ምን አለች ጋሼ?» በሚደክም ድንጋይ የተቀዳ ድምፅ በደህና ድንጋይ ሲሰሙት እንደዚያ እንደሚቀጥን አውቃለሁ። አልነገርኳትም። «ዱዓ አደረገችልሽ» አልኳት። «መልሱንስ?» «ያው ለወንድምሽ ትቼዋለሁ አለች።» ራሷን ነቀነቀችና ተነሥታ ሄደች። በየዓመቱ፣ እናታችን የሞተችበት ሰሞን ሲደርስ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ።

ማክሰኞ ዕለት መምህሩ ወረቀት አውጥቶ እየጻፈ ሳለ የቴርሞሜትሩን ነገር ዘለልኩት። ከበሩ በኩል «የሚወጋው ቴርሞሜትር አራተኛ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። ዘሐራ ናት፤ ሻርፖቿን ክንዷ ላይ ደርድራ ቆማለች። ከዚያ ቆማ ዝርዝሩን አወረደችለት። መምህሩ እየሳቀ፣ «እርስዎም መካኒክ ነዎት እንዴ እትዬ?» አላት። «የለም የኔ ልጅ፣ አንድም ጊዜ ነክቼው አላውቅም» አለችው። እሱ አመስግኖ፣ ለመኪናው አፍ የሚሆነውን አይቶ ሊመለስ ቃል ገብቶ ወጣ። ሳጥኑ መሐላችን ተከፍቶ ቀረ። እሷ ጎንበስ ብላ ፓምፑ የተጠቀለለበትን የቀሚሷን ቁራጭ በጣቶቿ ዳበሰችው። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ከጎን ሳያት የእናታችን ፊት ነው። ሳል ይዞኝ ተቀመጥኩ። እኔም ሰባን እያለፍኩ ነው፤ ሐኪሙም ስለ ልቤ ሲናገር ቃል መምረጥ ጀምሯል።

«ዘሐራ» አልኳት፣ «እማ ነይ ነው ያለችሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ድንጋዩን፣ ቀዩን መብራት፣ ‹ገብቷል› ማለቴን፣ የኩታበሯን ልጅ። ስጨርስ ሻርፖቹን ከክንዷ አውርዳ አልጋው ላይ አኖረቻቸውና ከፊቴ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ብትጮህ፣ ብትሰድበኝ፣ ሳጥኑን አንሥታ ደጅ ብትወረውረው ይቀለኝ ነበር።

«እንዳለችው በለው» አለችኝ።

«‹ነይ› ነው ያለችው። ‹ምንም አትያዢ። ባዶ እጅሽን ነይ። የወለድኩት ልጅ ነው፣ ዕቃ አልወለድኩም። ነይልኝ የኔ ማር።›»

«እንደገና በል።»

አልኩት። እንደገና አለችኝ፤ እንደገና አልኩት። ዓይኗን ጨፍና፣ በየቃሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ጌጁንና ፓምፑን ያጠናችበት በዚያው አኳኋን ታጠናው ጀመር። እኔ የእናታችንን ድምፅ ላመጣው ብሞክር አልመጣልኝም፤ በራሴ በደከመ ድምፅ ነው የምናገረው። ደጅ ጎረቤቶቻችን ከገበያ እየተመለሱ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ የሚመልስላቸው የለም። በመጨረሻ ዓይኗን ገለጠች። ለኔ የምትለው ነገር ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ። ይቅርም አላለችኝም፣ ርግማንም አልሰማሁ።

«ጋሼ» አለች፣ «ታዲያ እኔ ሁለት ዓመት ጨምሬያለሁ ብዬ የላክሁት ካሴት ሲደርስ እማ ምን አለች?»

የሳጥኑን ክዳን ዘጋሁት።

«ምንም አላለችም» አልኳት።